«ምን ልማር?»፤ ስለ ከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች የኮርስ ምርጫና ምዝገባ ታሪክ

አንድ ወጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ የከፍተኛ ትምህርት ቤትን ደጃፍ በሚረግጥበት ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ምን ትማራለህ?» የሚል ነው። ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ሆኖም መልሱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ሲመረመር ነገሩ ይረቃል። ተማሪው ነውን? ወላጆቹ ናቸውን? መምህሩ ነውን? ወይስ መንግሥት ነው? በአገራችንም ሆነ በጎረቤቶቻችን ዘንድ ይህ ሥልጣን ከዘመን ወደ ዘመን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። እኛ መምህራን ይህን ታሪክ ልናውቀው የሚገባን ለተማሪዎቻችን ምክር ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ የምርጫው መለዋወጥ ከማናቸውም ሙያ አብልጦ የነካው የራሳችንን ሙያ ስለሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት አላቸው።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ከመቋቋሙ በፊት በአገራችን ከፍተኛ ትምህርት አልነበረም የሚል ሰው ቢኖር ጉባኤ ቤቶቻችንን የዘነጋ ነው። ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ተማሪ ከዚያ በላይ ለመማር በፈለገ ጊዜ መንገድ ይጀምር ነበር። ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ ለመማር ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር፣ ቅኔ ለመቁጠር ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ብዙ ቀን በእግሩ ይጓዛል። ወላጆች የሚያርስላቸውን ወይም ከብት የሚጠብቅላቸውን ልጅ ማጣት ስለሚከብዳቸው፣ ከቤት ጠፍቶ የሚሄደው ተማሪ ጥቂት አልነበረም። ከደረሰም በኋላ መዝገብ ቤት የለም፤ ቅጽ የለም፤ የጽሑፍ ፈተና የለም። የኔታ «ከየት መጣህ? ከማን ዘንድ ምን ተማርህ?» ብለው ይጠይቁታል፤ እርሱም የሚያውቀውን በቃሉ ያሰማል። ከዚያ በኋላ ጎጆ ቀልሶ ከጉባኤው ይቀላቀላል። ምዝገባው ያ ነበር።

በዚህ ሥርዓት ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ተማሪው ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን መምህሩንም ይመርጥ የነበረ መሆኑ ነው። የዋሸራ የቅኔ መንገድ ከጎንጅ፣ የጎንጅም ከዋድላ ስለሚለይ፣ አንዱን ያወቀ ተማሪ ሁለተኛውን ለማየት እንደገና አኩፋዳውን ያነሣል። መምህሩም ለተማሪው የሚስማማውን አይቶ «አንተ ለዜማ ነህ» ወይም «ወደ መጻሕፍት ሂድ» ይለዋል፤ ይህ ምክር ለዓመታት አብሮት ከኖረ ሰው የሚሰጥ ምክር ነበር። ይህን ስል ግን ያለፈውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም። የትምህርቱ ዓይነት ከጥንት የተወሰነ ነበር፤ ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በቀር ከጉባኤው ውጭ ነበሩ። በረሃብና በበሽታ ከመንገድ የቀረውንም ተማሪ የቆጠረው የለም።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ ትምህርት ሲጀምር አዲስ ዓይነት ምርጫ መጣ። ኮሌጁን የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የተማሪው ቁጥር እጅግ ጥቂት ስለነበረ አስተዳደሩ እያንዳንዱን ተማሪ በስሙ ያውቀው ነበር፤ የሚወሰዱትም ኮርሶች በአብዛኛው አስቀድመው የተወሰኑ ነበሩ። ቀጥሎ የምህንድስና ኮሌጅ፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በዓለማያም ከአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት የእርሻ ኮሌጅ ተከፈቱ። እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው የሚተዳደሩ ስለነበሩ፣ ተማሪው የትምህርት መስክ መረጠ ማለት የሚኖርበትን ከተማ፣ የመምህሮቹን አገርና ልማድ፣ የወደፊት አሠሪውንም መሥሪያ ቤት መረጠ ማለት ነበር። እርሻ የመረጠ ሐረርጌ ይወርዳል፤ ጤና የመረጠ ጎንደር ይወጣል። ሐሳቡን ቢለውጥ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ድልድይ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ይህን ድልድይ የሠራው የ1953 ዓ.ም. ውሳኔ ነው። በዚያ ዓመት ተለያይተው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ ቻርተር ሥር ተሰብስበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። የአደረጃጀቱን ጥናት ያካሄዱት ከአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሊቃውንት ስለነበሩ፣ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካንን የሴሚስተርና የክሬዲት ሥርዓት ተቀበለ። የሥርዓቱ ሥር ከዩታ ይልቅ ርቆ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1869 የሐርቫርድ ፕሬዚዳንት የሆነው ቻርልስ ኤልየት፣ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ይማር የሚለውን የቆየ ልማድ አፍርሶ፣ ተማሪው ኮርሱን ራሱ ይምረጥ የሚል ሥርዓት አስፋፋ። ምርጫው እየሰፋ ሄዶ ተማሪዎች ከዚህም ከዚያም ቀላል ኮርሶችን እየለቀሙ ዲግሪ ይዘው ይወጣሉ የሚል ወቀሳ ስላስከተለ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የተተካው ሎውል እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ መስክ እንዲጠልቅና ከሌሎችም መስኮች ጥቂት ጥቂት እንዲወስድ አደረገ። እኛ «ሜጀር» እና «ማይነር» እያልን የምንጠራው አከፋፈል የዚህ ክርክር ልጅ ነው። ክርክሩ ሳይነገረን ውጤቱ ብቻ ደረሰን ማለት ይቻላል።

ምዝገባው በተግባር እንዴት ይካሄድ እንደነበረ ለወጣት መምህራን መግለጽ ይገባል፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚፈጸመው ነገር በዚያን ጊዜ የእግርና የትዕግሥት ሥራ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ካታሎግ ያወጣል። በካታሎጉ እያንዳንዱ ኮርስ ቁጥርና የክሬዲት ሰዓት አለው፤ አስቀድሞ መወሰድ የሚገባው ሌላ ኮርስ ካለም ይጠቀሳል። ተማሪው የሰዓት ሠሌዳውን ከካታሎጉ ጋር አስተያይቶ፣ ሁለት ኮርሶች በአንድ ሰዓት እንዳይጋጩበት ተጠንቅቆ ቅጹን ይሞላል። ቅጹን ይዞ ወደ አማካሪ መምህሩ ይሄዳል፤ አማካሪው አይቶ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ይጠብቀዋል። ክፍሉ ሞልቷል ከተባለ ወደ አማካሪው ይመለሳል፤ እንደገና ይፈረማል፤ እንደገና ይሰለፋል። ትምህርት ከተጀመረም በኋላ ለጥቂት ቀኖች ኮርስ ለመጨመርና ለመተው የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ «አድ» እና «ድሮፕ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በሰልፉ ላይ የሚለዋወጡት ወሬ፣ ማለት የትኛው መምህር ጥብቅ ነው፣ የትኛው ለጋስ ነው የሚለው፣ ከካታሎጉ ይልቅ ይታመን ነበር። ዛሬም ይታመናል።

ከዚህ ሁሉ ቁም ነገሩ የአማካሪው ፊርማ ነበር። ፊርማው አንድ መምህር የተማሪውን ውጤት አይቶ፣ ዝንባሌውን ጠይቆ፣ «ይህን ውሰድ፣ ያን ለሚመጣው ሴሚስተር አቆየው» ብሎ መናገሩን የሚያረጋግጥ ምልክት እንዲሆን ታስቦ ነው። የኔታ ለዓመታት አብረው ኖረው የሚሰጡትን ምክር በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ለማስፈር የተደረገ ሙከራ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የመጀመሪያው ዓመት፣ ፍሬሽማን የሚባለው፣ የማሰላሰያ ጊዜ ነበር። ተማሪው እንግሊዝኛውንና ሌሎቹን የጋራ ኮርሶች እየተማረ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚገባበትን ፋኩልቲ ይመርጣል። ማሰላሰያነቱ ግን ያለ ዋጋ አልነበረም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ከመመዘኛው በታች የሆነ ተማሪ በጥር ወር ገደማ ይሰናበት ስለነበረ፣ እንዲህ ያሉትን ጓደኞቻቸው የፈረንጅ ገናን ስም ጨምረው «ክሪስማስ ግራጁዌት» ይሏቸው ነበር። ቀልዱ ያስቃል፤ ከክፍለ ሀገር ከመንደሩ ሁሉ ተመርጦ ወደ አዲስ አበባ ለመጣ ልጅ ግን በሦስት ወር ውስጥ ወደዚያው መንደር መመለስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

የመምህርነት ሙያ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ቦታ ነበረው? የትምህርት ፋኩልቲው ከመነሻው ተማሪ ለማግኘት የራሱን ዘዴ መፈለግ ነበረበት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየተስፋፉ፣ የኢትዮጵያውያን መምህራን ቁጥር ግን እጅግ አንሶ፣ ክፍሎቹ በህንዳውያንና በአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ተይዘው ነበር። ስለዚህ በበዕደ ማርያም የሙከራ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ጎበዝ ተማሪዎች 12ኛ ክፍልን እንዲማሩና ከዚያ ወደ መምህርነት እንዲያመሩ ተደረገ። ይህ ዘዴ በእኔ አስተያየት በታሪካችን ከታዩት ሁሉ የተሻለው ነው፤ ለመምህርነት የቀረውን ሳይሆን የበለጠውን ተማሪ ፈልጓልና። ገና የዩኒቨርሲቲን በር ሳይረግጥ «አንተን ለመምህርነት እንፈልግሃለን» የተባለ ልጅ፣ የትም ሳይፈለግ ከመጣ ልጅ በአስተሳሰቡ ይለያል።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ግዴታ ተጨመረ። ተማሪው የመጨረሻውን ዓመት ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ያገለግላል፤ አብዛኞቹም የተላኩት ለማስተማር ነው። ኢኮኖሚክስ የመረጠው ሂሳብ አስተማሪ፣ ሕግ የመረጠው እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ግን አገሩን ያወቀው በዚያች ዓመት መሆኑን ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖረ። በታሪካችን መንግሥት በተማሪው ምርጫ ላይ የራሱን ፈቃድ በይፋ ሲጨምር ካየንባቸው የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው፤ ሆኖም አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ተማሪው ተመልሶ ወደ መረጠው መስክ ይገባል።

በጎረቤቶቻችን ዘንድ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የማኬሬሬ ኮሌጅ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ ስለነበረ፣ ተማሪው ሲገባ የያዛቸውን ጥቂት የትምህርት ዓይነቶች እስከ መጨረሻው ፈተና ይዞ ይዘልቃል እንጂ እንደኛ በየሴሚስተሩ ኮርስ አይለቅምም። እ.ኤ.አ. በ1963 ማኬሬሬ፣ ናይሮቢና ዳሬ ሰላም በአንድ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲሆኑ ሦስቱ መንግሥታት ውድ የሆኑትን መስኮች ተከፋፈሉ። ሕክምና በማኬሬሬ፣ ምህንድስና በናይሮቢ፣ ሕግ በዳሬ ሰላም ሆነ። ስለዚህ ጠበቃ ለመሆን የፈለገ ኬንያዊ ወደ ታንጋኒካ፣ መሐንዲስ ለመሆን የፈለገ ኡጋንዳዊ ወደ ኬንያ ይሻገር ነበር፤ የሦስቱ አገሮች ወጣቶችም በዚሁ ምክንያት ተዋወቁ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲፈርስ እያንዳንዱ አገር መስኮቹን ሁሉ በየቤቱ ለማደራጀት ተገደደ። ታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ1974 በሙሶማ ባወጣችው ውሳኔ ደግሞ፣ ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ቀርቶ፣ አስቀድሞ በሥራ ላይ እንዲቆይና የሚያውቁት ሰዎች እንዲመሰክሩለት አዘዘች። በሶማልያ ዩኒቨርሲቲ የአብዛኞቹ ፋኩልቲዎች መማሪያ ቋንቋ ጣልያንኛ ስለነበረ ተማሪው አስቀድሞ ጣልያንኛ መማር ነበረበት፤ የላፎሌ የመምህራን ኮሌጅ ግን በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። በዚያ አገር መስክ መምረጥ ቋንቋ መምረጥም ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታውጆ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ ምዝገባም ምርጫም ቆመ። ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። መደበኛ ትምህርት እንደገና ሲጀመር የተማሪው ቁጥር ተመናምኖ፣ ብዙዎቹ በቀይ ሽብር ዓመታት አልቀው ወይም ተሰድደው ነበር። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽንን አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ የመስኮች ስፋት ከአገሪቱ የሰው ኃይል ዕቅድ ጋር እንዲያያዝ ተደረገ። የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ኮርስ ለሁሉም ግዴታ ሆነ። ተማሪው ምርጫዎቹን በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ምደባው ግን በውጤቱና በኮታው ይወሰናል። ሲመረቅም ሥራውን መንግሥት ይመድበዋል። «ምደባ» የሚለው ቃል በተማሪዎቻችን አፍ «ምርጫ» የሚለውን ቃል የተካው በዚህ ዘመን ነው፤ እስከ ዛሬም ቦታውን አለቀቀም።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የመጣው ለውጥ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቅርብ ስለሆነ ረጅም ትንታኔ አያሻውም። ዋናው ነገር ምርጫው ከዩኒቨርሲቲው በር ወደ 10ኛ ክፍል መውረዱ ነው። በመሰናዶ ትምህርት ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የኅብረተሰብ ሳይንስ ብሎ ሲለይ ዕድሜው 16 ዓመት ገደማ ነበር። የፍሬሽማን ዓመት ተሰርዞ የመጀመሪያ ዲግሪ በብዙ መስኮች ከ4 ወደ 3 ዓመት ሲያጥር፣ ያ የማሰላሰያ ጊዜ አብሮ ጠፋ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከመቶው 70 ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ኅብረተሰብ ሳይንስ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከ70ውም 40ው ለምህንድስናና ለቴክኖሎጂ ተመደበ። የዕቅዱ ዓላማ የኢንዱስትሪን ዕድገት ማፋጠን ነበር። ነገር ግን ዕቅዱ ተማሪውን በመቶኛ ከመቁጠር በቀር ዝንባሌውን የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረውም። ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ የሚወድ ልጅ ውጤቱ ስለፈቀደለት ብቻ ምህንድስና ገብቶ ሲንገላታ አይተናል።

በመምህርነት ላይ የደረሰው ከዚህ የከፋ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሲጀመር መምህር የሚሆኑ ተማሪዎች ዕዳቸውን በአገልግሎት እንዲከፍሉ ተፈቀደላቸው፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ግን የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ሥልጠና ተለውጦ፣ ተማሪው በመጀመሪያ ፊዚክሱን ወይም ጂኦግራፊውን ተምሮ ከተመረቀ በኋላ አንድ ዓመት የማስተማር ሥነ ዘዴ ተምሮ መምህር እንዲሆን ተደረገ። የሥርዓቱ ደጋፊዎች መምህሩ የትምህርት ይዘቱን አጥብቆ ያውቃል ይላሉ፤ ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መምህርነት ከዩኒቨርሲቲው የምርጫ ቅጽ ላይ ወርዶ ሌላ ሥራ ያጣ ተመራቂ የሚመለስበት ደጃፍ ሆነ። ለክልል የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ለብዙ ዓመታት የደረሷቸው በአመዛኙ የ10ኛ ክፍል ውጤታቸው ለመሰናዶ ያልበቃላቸው ልጆች ነበሩ። ከበዕደ ማርያም ትምህርት ቤት እስከዚህ ድረስ ያለውን ርቀት አንባቢ ራሱ ይለካው።

የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ወስዶ፣ በዚያ ውጤቱና በመግቢያ ፈተናው ውጤት ተወዳድሮ ወደ መስኩ ይመደባል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከ40 በላይ በሆኑበት ዘመን የሚገባው ተማሪ ሊያንስ መቻሉን ከዚያ በፊት ማን ባሰበ! የማካካሻ ትምህርት የሚሰጥበት ፕሮግራምም በዚሁ ምክንያት ተጀመረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ቅጹ በኮምፒዩተር ይሞላል፤ ሰልፉ ቀርቷል። ከሰልፉ ጋር ግን የአማካሪው ፊርማም በብዙ ቦታ ቀርቷል፤ ወይም ፈራሚው የተማሪውን ፊት ሳያይ የሚያኖረው ምልክት ሆኗል።

እኔ በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ አዲስ ሠልጣኞች በገቡ ቁጥር በመጀመሪያው ሳምንት መምህርነትን በአንደኛ ደረጃ የመረጣችሁ እጅ አውጡ እላቸዋለሁ። የሚወጡት እጆች ጥቂት ናቸው። ቀጥሎ ቋንቋ፣ ሂሳብ ወይም ኅብረተሰብ ትምህርት ብለን በመስክ ስንለያያቸው፣ ይህም ደግሞ በአብዛኛው በመቀመጫ ብዛት ስለሚወሰን ሁለተኛ ምደባ ይሆንባቸዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ባልደረቦቼና እኔ ከምደባው በፊት ሁለት ቀን እየወሰድን እያንዳንዱን ሠልጣኝ ለብቻው እናነጋግራለን፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስተማረው፣ የትኛውን ትምህርት እንደሚወድ እንጠይቀዋለን። መቀመጫው ስለማይበቃ ሁሉንም እንደፍላጎታቸው ማድረግ አልተቻለም። አምና ሂሳብ እወዳለሁ ብሎ ቋንቋ የደረሰው አንድ ወጣት ከሌላ ሠልጣኝ ጋር ተስማምቶ መስክ እንዲለዋወጥ ተፈቀደለት፤ ሁለቱም አሁን የማስተማር ልምምዳቸውን በወረዳው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በማካሄድ ላይ ናቸው።